ከ11 ቀን በኋላም ክትባቱ አልረፈደም፦ ስለ እብድ ውሻ ንክሻ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ወንድሜ የሚኖረው መንዝ፣ ገጠር ውስጥ ነው። ከ11 ቀን በፊት የማይታወቅ ውሻ ከቆላው በኩል መጥቶ በግ ሲጠብቅ የነበረውን የ8 ዓመት ልጁን እጁንና ጉንጩን ነከሰው፤ ታናሽ እህቱንም ቧጨራት። ከቤቱ ውሻ ጋር ተናክሷል፣ አንዲት የምትታለብ ላምም ነክሷል። የሰፈሩ ሰው ውሻውን ገድሎ ቀበረው። ልጁ ቁስሉ ላይ የተፈጨ ቡና ተደርጎለት፣ የባህል ሐኪም ሥር በወተት አጠጥተውት፣ ጠበልም ተጠምቆ አሁን ቁስሉ ደርቋል፤ እንደ ቀድሞው ይጫወታል። ጤና ኬላው ክትባቱ እኛ ጋ የለም፣ ወደ ከተማ ውሰዱት ብሏቸዋል። ወንድሜ ግን ልጁ ድኗል፣ ደግሞም ጊዜው አልፏል ይላል። ክትባቱ አሁን ይጠቅማል ወይ? የላሟን ወተት ስንጠጣ የሰነበትነውስ?»

ውድ ጠያቂ፣ ዋናውን መልስ ከማብራሪያው አስቀድሜ ልስጥዎ። ክትባቱ አሁንም ይጠቅማል፤ ልጁም እህቱም ሳይውሉ ሳያድሩ ክትባቱ ወደሚገኝበት ጤና ተቋም መሄድ አለባቸው። ይህን አንብበው ከመጨረስዎ በፊት ለወንድምዎ ቢደውሉ ደስ ይለኛል። የቀረውን በኋላ ተመልሰው ሊያነቡት ይችላሉ።

ወንድምዎን ያሳሳተው ብዙዎችን የሚያሳስት ነገር ነው። የቁስሉ መድረቅና ከበሽታው መዳን አንድ አይደሉም። የእብድ ውሻ በሽታን የሚያመጣው ቫይረስ በውሻው ምራቅ አማካይነት ወደ ቁስሉ ከገባ በኋላ በዚያው አካባቢ ይሰነብትና ወደ ነርቭ ይገባል፤ ከዚያም በነርቩ ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ ሕብለ ሰረሰርና ወደ አንጎል ይጓዛል። በዚህ ጉዞ ጊዜ ሰውየው ትኩሳት የለውም፣ ሕመም አይሰማውም፣ ቆዳውም እንደማንኛውም ቁስል ሽሮ ይጠግጋል። ልጅ ከሆነ ይሮጣል፣ ይጫወታል፣ ይበላል። ይህ ዝምታ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ወር ይቆያል፤ በ1 ሳምንት ያበቃበት፣ ከ1 ዓመትም በላይ የዘለቀበት ጊዜ አለ። የንክሻው ቦታ ለአንጎል በቀረበ መጠን፣ ነርቭ በበዛበትም አካል ላይ ባረፈ መጠን ጊዜው ያጥራል። የወንድምዎ ልጅ የተነከሰው ጉንጩንና እጁን ነው፤ ሁለቱም ነርቭ የበዛባቸው ስለሆኑና ጉንጭ ደግሞ ለአንጎል በጣም ቅርብ ስለሆነ የእርሱን ጉዳይ ከሌሎች ይልቅ አስቸኳይ አድርጌ የማየው ለዚህ ነው።

ቫይረሱ አንጎል ደርሶ ምልክት ከጀመረ በኋላ በሽታው ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ይገድላል። የተነከሰው ቦታ መንዘር ወይም ማሳከክ፣ ትኩሳት፣ መቅበጥበጥ፣ ውኃ ለመዋጥ ሲሞከር የጉሮሮ መኮማተር፣ ነፋስ ፊቱን ሲነካው መደንገጥ ከመጡ በኋላ የትኛውም ሆስፒታል ሊሠራ የሚችለው ሥቃዩን መቀነስ ብቻ ነው። እንግዲህ ከንክሻው እስከ ምልክቱ ያለው ጊዜ ለእኛ የተሰጠ ብቸኛ ዕድል ነው። ክትባቱ በዚህ ጊዜ ውስጥ የሰውነትን መከላከያ ቀስቅሶ ቫይረሱ አንጎል ሳይደርስ እንዲቀድመው ያደርጋል። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 በእብድ ውሻ የተነከሰውን የ9 ዓመቱን ጆሴፍ ማይስተርን መከተብ የጀመረው ልጁ ከተነከሰ ከ2 ቀን በኋላ ነበር፤ ይህ ክትባት ገና ከመነሻው ከንክሻ በኋላ እንዲሰጥ የታሰበ ነው። ስለዚህ ጊዜው አለፈ የሚባለው ምልክት ሲጀምር ብቻ ነው። ከ11 ቀን በኋላ፣ ከ1 ወር በኋላ፣ ከዚያም በኋላ ቢሆን ተነካሹ ጤነኛ እስከሆነ ድረስ ልክ ዛሬ እንደተነከሰ ተቆጥሮ ሕክምናው ይጀመርለታል። «40 ቀን ካለፈው አይነካውም» የሚለውን አነጋገር በየቦታው እሰማለሁ፤ በሽታው ግን የሰው ቆጠራ አያውቅም።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ስላየሁት ነው። ከዓመታት በፊት አንድ አባት ልጁን በጀርባው አዝሎ ወደምሠራበት ቦታ መጣ። ልጅቱን የነከሳት ቡችላ ነበር፤ ቡችላ ደግሞ አያብድም ብለው አልተጨነቁም ነበር። ከነከሳት በኋላ በአቅራቢያቸው ወዳለ ጤና ተቋም ወስደዋት «ክትባቱ አልቋል፣ ሲመጣ ተመለሱ» ተብለው ነበር፤ የት እንደሚገኝ የነገራቸው ግን አልነበረም። ቁስሉ በሳምንት ዳነ። ወደ 2 ወር ገደማ ሲሆን ልጅቱ ውኃ መዋጥ አቃታት። እኔ ዘንድ የደረሰችው ያን ጊዜ ነው። አባትየው ደጋግሞ «ድና ነበር እኮ» ይል ነበር። ይህን ቃል በወንድምዎ አነጋገር ውስጥ ስሰማው ዝም ማለት አልችልም።

ጤና ተቋም ሲደርሱ ምን እንደሚደረግላቸው አስቀድመው ቢያውቁ ጥሩ ነው። ባለሙያው መጀመሪያ የንክሻውን ደረጃ ይለያል። የልጁ ንክሻ ቆዳ የበሳ ስለሆነ፣ ፊቱም ላይ ስለሆነ ከፍተኛው ደረጃ ነው፤ ስለዚህ ከክትባቱ ጋር ኢሚውኖግሎቡሊን የሚባለው መድኃኒት ያስፈልገዋል። ይህ መድኃኒት ቫይረሱን የሚያመክን፣ በሌላ ሰውነት ውስጥ የተዘጋጀ መከላከያ ነው። ክትባቱ የልጁን የራሱን መከላከያ እስኪያስነሳ ድረስ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት ክፍተቱን ይሸፍናል። መጠኑ በክብደቱ ተሰልቶ የሚቻለውን ያህል በራሱ በንክሻው ቦታና ዙሪያውን ይወጋል፤ ጠባሳውን ተከትሎ መወጋቱ ያማል፣ ልጁን አስቀድማችሁ አዘጋጁት። መድኃኒቱ በየቦታው አይገኝም። ባይገኝ ክትባቱ ለአንድ ቀን እንኳ መዘግየት የለበትም። ከመጀመሪያው ክትባት በኋላ ባሉት 7 ቀናት ውስጥ ከተገኘ ሊሰጥ ይችላል፤ ካልተገኘም ክትባቱን በወቅቱ ጀምሮ መጨረስ ብዙዎችን ያድናል። የእህቱ ጉዳይ የሚወሰነው በቧጨራው ነው፤ ደም ካልፈሰሳት ክትባቱ ብቻ ይበቃታል፣ ደም ከነበረው ግን እንደ ወንድሟ ትታከማለች። የውሻ ጥፍር በምራቅ ሊርስ ስለሚችል ቧጨራ ተብሎ መናቅ የለበትም።

ክትባቱን የሚፈሩት ብዙዎች በአእምሯቸው ያለው የጥንቱ ክትባት ነው። ከበግ አንጎል ይዘጋጅ የነበረውና ለብዙ ቀናት በየቀኑ ሆድ ላይ ይወጋ የነበረው ክትባት በነርቭ ላይ የሚያስከትለው ጉዳት ስለነበረ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ እንዲቀር ሲመክር ቆይቷል። ዘመናዊው በሕዋስ ላይ የሚዘጋጅ ክትባት ለአዋቂና ከ2 ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ በክንድ፣ ከዚያ ለሚያንስ ሕፃን በጭን ጎን ይሰጣል። መቀመጫ ላይ መሰጠት የለበትም፤ እዚያ ሲሰጥ በሚገባ አይሠራም። በጡንቻ ሲሰጥ በመጀመሪያው ቀን፣ በ3ኛው፣ በ7ኛውና ከ14ኛው እስከ 28ኛው ባለው አንድ ቀን፣ በአጠቃላይ 4 ጊዜ ነው። በቆዳ ውስጥ በጥቂቱ የሚሰጥበት ሌላ መንገድም አለ፤ በየጊዜው በሁለት ቦታ እየተወጋ በመጀመሪያው፣ በ3ኛውና በ7ኛው ቀን ተሰጥቶ በአንድ ሳምንት ያልቃል፤ የሚፈጀውም ክትባት ያነሰ ነው። ከሩቅ ለሚመጣ ሰው የትኛው እንዳለ መጠየቅ ይጠቅማል። እርጉዝ ሴትም ሆነች የምታጠባ እናት ብትነከስ ክትባቱ አይከለከላትም።

ሰዎች ክትባቱን ጀምረው የሚያቋርጡት አብዛኛውን ጊዜ ከድንቁርና አይደለም፤ ከመንገድ፣ ከወጪና ከሥራ የተነሣ ነው። ስለዚህ ወንድምዎን «ውሰደው» ብቻ ብለው አይተዉት። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ወይም የወረዳውን ጤና ጽሕፈት ቤት በስልክ ጠይቃችሁ ክትባቱ ዛሬ በየትኛው ሆስፒታል በእጅ እንዳለ ከመነሣታቸው በፊት አረጋግጡ፤ ከጤና ኬላው የመላኪያ ወረቀት ይውሰዱ። ልጆቹ ለመጀመሪያው ሳምንት ከተማ ውስጥ ዘመድ ዘንድ ቢያርፉ ሦስቱ ቀጠሮዎች ያለ ምልልስ ያልፋሉ። አንድ ቀጠሮ ቢያልፍ እንደገና ከመጀመሪያው አይጀመርም፤ በመጡበት ቀን ይቀጥላል፣ ስለዚህ አለፈኝ ብሎ መቅረት የለም። ካርዱን ያስቀምጡት፤ ልጁ ወደፊት ዳግመኛ ቢነከስ ቀድሞ ሙሉ ክትባት እንደወሰደ ካሳየ 2 ጊዜ ብቻ ተከትቦ፣ ኢሚውኖግሎቡሊንም ሳያስፈልገው ይጨርሳል። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም በዚያው እንዲታይለት ይጠይቁ።

አሁን ስለ ባህል ሐኪሙና ስለ ጠበሉ። እምነትዎንና አባቶችን አክብሬ ነው የምናገረው። በእብድ ውሻ የተጠረጠረ ሰው ሥር ጠጥቶ ወይም ተጠምቆ በሕይወት ሲኖር የሚያየው ሰው መድኃኒቱ እንዳዳነው ማመኑ የሚገባ ነው። ነገር ግን የሚነክስ ውሻ ሁሉ እብድ አይደለም፤ በእውነተኛ እብድ ውሻ የተነከሰም ሁሉ አይታመምም፣ የገባው ምራቅ መጠን፣ ልብስ መሸፈኑና የቁስሉ ጥልቀት ይለያያሉ። እንዲህ ስለሆነ ምንም ባይሰጣቸውም ከተነካሾች ብዙዎቹ አይታመሙም ነበር፤ ሥሩ የእነርሱን መዳን በስሙ ያስመዘግባል፣ የሞቱት ግን ከ2 ወር በኋላ በቤታቸው ስለሚሞቱ ለባለ መድኃኒቱ አይቆጠሩበትም። ለዚህ በሽታ በአገራችን ከሚሰጡት ሥሮች መካከል እንደ እንዶድ ያሉት ራሳቸው መርዛማነት ያላቸው፣ ልጅን በተቅማጥና በትውከት የሚያደክሙ ናቸው። ከሁሉ የሚከፋው ጉዳታቸው ግን የሚያባክኑት ቀን ነው። ጠበሉ ከክትባቱ ጋር አይጣላም፤ ልጁ ተከትቦ መጠመቅ ይችላል። እንዲያውም የሚያጠምቁት አባትና ባለ መድኃኒቱ «ሂድና ተከተብ፣ ከዚያ ና» የሚል አንድ ቃል ቢናገሩ ከእኔ ከሐኪሙ ይልቅ ይሰማሉና፣ ወንድምዎ እምቢ ካለ በእነርሱ በኩል ያስመክሩት።

ቡናውንም ማንሣት አለብኝ፤ ነገ ሌላ ልጅ ሊነከስ ይችላልና። በንክሻ ላይ ቡና፣ በርበሬ፣ ቅቤ፣ አመድ ወይም የውሻውን ፀጉር አቃጥሎ ማድረግ ቁስሉን ይደፍነዋል እንጂ ምራቁን አያወጣውም። የሚያወጣው በየቤቱ ያለው ሳሙና ነው። ይህ ቫይረስ የስብ ሽፋን አለው፣ ሳሙና ያን ሽፋን ያፈርሰዋል፤ ስለዚህ ቁስሉን ወዲያውኑ በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብ ከሁሉ የሚቀድም ሕክምና ነው። 15 ደቂቃ ረጅም ነው፤ አንድ ሰው ከጆግ እያንቆረቆረ ሌላው የሚያጥብበት ጊዜ ነው። ቧንቧ በሌለበት መንደር ይህን ማድረግ ከባድ መስሎ ሊታይ ቢችልም፣ አንድ እንስራ ውኃና ግማሽ ሳሙና ያን ያህል ዋጋ ያወጣሉ። ቁስሉ በመርፌና በክር መሰፋት ያለበት ቢመስልም ወዲያው መሰፋት የለበትም፤ ያን ሐኪሙ ይወስናል።

ስለ ወተቱ ብዙ አልጨነቅም። በእብድ ውሻ የተነከሰች ላም ወዲያው በሽተኛ አትሆንም፤ እርሷም የራሷ የዝምታ ጊዜ አላት። የፈላ ወተት አደጋ የለውም። ጥሬውን ጠጥተው ቢሆንም እንኳ በዚህ መንገድ ሰው እንደታመመ በምርመራ የተረጋገጠ ሁኔታ የለምና ወተት ለጠጡት ሁሉ ክትባት አያስፈልግም። ቢሆንም ከዛሬ ጀምሮ የዚህችን ላም ወተት ሳያፈሉ አትጠጡ፤ የመታመም ምልክት ካሳየች ደግሞ ወተቷም ሥጋዋም ይቅር። የሚያስፈራኝ ሌላ ነገር ነው። የታመመች ላም ትጮኻለች፣ ለሃጯ ይዝረበረባል፣ መዋጥ ያቅታታል፤ ባለቤቱም ጉሮሮዋ ላይ አጥንት ወይም ድንች የተሰነቀረ መስሎት እጁን እስከ ክንዱ አፏ ውስጥ ይከታል። ከብት፣ በግም ሆነ አህያ እንዲህ ሲሆን እጅ ወደ አፍ አይገባም፤ ላሟ ለብቻዋ ታስራ ለወረዳው የእንስሳት ሐኪም ይነገር።

የቤቱ ውሻ ጉዳይ ከላሟ ይልቅ ከባድ ነው። ያልተከተበ ውሻ ከእብድ ውሻ ጋር ከተናከሰ በሚቀጥሉት ሳምንታትና ወራት ራሱ ሊታመም ይችላል፤ ልጆቹም ከእርሱ ጋር ናቸው። የእንስሳት ሐኪሙ ወይ እንዲወገድ፣ ወይም ወዲያው ተከትቦ እስከ 6 ወር ድረስ ማንም በማይነካበት ሁኔታ ታስሮ እንዲጠበቅ ሊያዝ ይችላል። በገጠር ቤት ውስጥ ውሻን ይህን ያህል ጊዜ ከልጅና ከበግ ለይቶ ማሰር የሚቻል አይመስለኝምና፣ የሚያዝነው ልጅ ቢኖርም የመጀመሪያውን እመክራለሁ። እስከዚያው ዛሬ ይታሰር። የሚያብድ ውሻ ሁልጊዜ አፉን አረፋ ደፍቆ አይሮጥም፤ ድምፁ ሊሻክር፣ እንጨትና ድንጋይ ሊያኝክ፣ ካለ ምክንያት ሊነክስ ይችላል፤ ወይም ደግሞ ጨለማ ሥር ተኝቶ መንጋጋው ወርዶ ዝም ሊል ይችላል። ይህ ዝምተኛው ብዙ ሰው ያሳስታል፤ አጥንት ቆርጥሞት ነው ተብሎ አፉ ይከፈታልና።

የመጣው ውሻ ተገድሎ መቀበሩን ስሰማ አዘንኩ እንጂ ሰፈሩን አልወቅስም፤ ሌላ ሰው እንዳይነክስ ማድረጋቸው ነው። ለወደፊቱ ግን ባለቤት ያለውና ሊታሰር የሚችል ውሻ ከነከሰ ባይገደል ይመረጣል፤ ታስሮ 10 ቀን ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በነከሰበት ቀን በምራቁ ውስጥ ቫይረስ አልነበረም ማለት ነው፣ የተጀመረው ክትባትም ሊቆም ይችላል። መግደል ግድ ከሆነ ጭንቅላቱ አይመታ፤ ምርመራው የሚደረገው በአንጎሉ ላይ ነው። የእንስሳት ሐኪሙ ናሙናውን በበረዶ አድርጎ አዲስ አበባ ወዳለው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሊልከው ይችላል። የተቀበረውን አሁን ቆፍሮ ማውጣት ግን ጥቅም የለውም፤ አይንኩት።

ውሾቹን ሁሉ መግደል መፍትሔ እንደሆነ የሚያስቡ አስተዳዳሪዎች በየጊዜው ይነሣሉ። ውሻ በተገደለበት ቦታ ከሌላ ቦታ ያልተከተበ ውሻ ይገባል፣ የተረፉት ደግሞ ወልደው ይበዛሉ፤ በሽታው ባለበት ይቀጥላል። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው በየዓመቱ ሲከተቡ ግን ቫይረሱ የሚተላለፍበት ውሻ አጥቶ ይጠፋል። ሜክሲኮ በዚህ መንገድ ለአሥርት ዓመታት ውሾቿን ከትባ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ከውሻ ወደ ሰው የሚተላለፈውን የእብድ ውሻ በሽታ ማጥፋቷ በዓለም ጤና ድርጅት ተረጋግጦላታል። ቡችሎችም በዚያው ዘመቻ መከተብ አለባቸው። ለመንዝ ደግሞ ይህ ነገር ሌላም ፋይዳ አለው። በጓሣ ሣር ውስጥ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከ500 ያነሱ አዋቂዎች ብቻ የቀሩት እንስሳ ነው፤ በባሌ ተራሮች ያሉት ዘመዶቹ እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2008 ከእረኞች ውሾች በተላለፈባቸው በዚሁ በሽታ በብዛት አልቀዋል። የእረኛውን ውሻ መከተብ ልጁንም፣ በጉንም፣ ቀበሮውንም መጠበቅ ነው። ወንድምዎ ለቀበሌው ግብርና ባለሙያ ይህ ውሻ ከየት አቅጣጫ እንደመጣና በምን በምን መንደር እንዳለፈ ቢነግር፣ ክትባቱ ከየት መጀመር እንዳለበት ይታወቃል።

አንድ የቀረ ነገር አለ፣ በስልክም ቢሆን ዛሬ ማታ እንዲጠየቅ የምፈልገው ነው። በዓለም ላይ እብድ ነው ተብሎ በሚጠረጠር እንስሳ ከሚነከሱት ሰዎች 40 በመቶ ገደማ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ እንዳይገረፉ፣ ወይም በጉን ጥለው ሸሹ እንዳይባሉ ንክሻውን ይደብቃሉ። በዚያን ዕለት በመስኩ ላይ ከልጁ ጋር ሌሎች እረኞች ነበሩ ይሆናል። ወንድምዎ እያንዳንዳቸውን ለብቻ፣ ሳይቆጣ፣ በወላጆቻቸው ፊት ይጠይቃቸው፦ ውሻው ነክቷችኋል? በጥፍሩ ቧጭሯችኋል? ቁስል ወይም የተጫረ ቆዳ ላይ ልሷችኋል? ከቤቱ ውሻ ጋር ሲናከስ ልትገላግሉ እጃችሁን አስገብታችኋል? አዎ ያለ ልጅ ካለ ከወንድምዎ ልጆች ጋር አብሮ ይሂድ።